ቲቸር፣ «የዋጋ» የሚለውን ረስተውት ነበር

ትናንት ጠዋት ከትምህርት ቤታችን የስብሰባ አዳራሽ የወጣሁት ሰው አስጠልቶኝ ነው። 

ኮተቤ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ህዋ ገና ሲጀምር ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በማይታመን ፍጥነት ተለጥጧል ይባላል፤ ይሄ መለጠጥ «ግሽበት» ይባላል። ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለው? የሚል አስራ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ካጸደቀው አውቶቡስ ይፈቀድልንና ተማሪዎቼ እንጦጦ ወጥተው በቴሌስኮፕ ሰማይ ያያሉ። ወሩን ሙሉ «ቲቸር፣ መቼ ነው?» ሲሉኝ ነው የከረሙት።

የእጅ ጽሑፌን ወሰን ሰፈር ኮምፒውተር ጽሕፈት የምትሠራ ልጅ ጻፈችልኝ። ቸኩዬ ስለነበር ሳላየው አስገባሁት። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው፣ አልክድም።

ትናንት ስብሰባው ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወረቀቴን ከፍ አድርገው «በጣም ወቅታዊ ጥናት ነው፤ ሁላችንም በጥሞና አንብበነዋል» አሉ። አራቱም አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ። ቀጠሉና «እንግዲህ ልጆቹ እንጦጦ ምን ያደርጋሉ? ሾላ ገበያ ሄደው የሽንኩርት ዋጋ ያጥኑ» አሉኝ።

ወረቀቱን ገለጥኩት... ርዕሱ «የዋጋ ግሽበት በመጀመሪያው ህዋ» ይላል። ገጽ ሦስት ላይ ደግሞ «ከሰማይ አራቱም ማዕዘን የሚመጣው ጥንታዊ ብርሃን ሙቀቱ አንድ ዓይነት መሆኑ የዋጋ ግሽበት መከሰቱን ያመለክታል»። ይሄን ነው እንግዲህ በጥሞና ያነበቡት!

ስህተቱን ሳስረዳቸው ማንም አላፈረም። ሰብሳቢው «ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፣ አይቀየርም» ብለው ወደ ሻይ ሄዱ። እነዚያ ራሶች አሁንም እየተነቀነቁ ሲከተሏቸው ሳይ አስጠሉኝ። ለልጆቹ ምን ልበላቸው?

በቀጥታ ወሰን ሄድኩ፣ ልጅቷ ላይ ልጮህ። እሷ ግን ገና ስታየኝ ፈገግ ብላ «ቲቸር፣ ‹የዋጋ› የሚለውን ሁሉም ቦታ ረስተውት ነበር፣ ሞልቼልዎታለሁ» አለችኝ። ምስጋና ነው የምትጠብቀው።

ቀጥላ ኮስተር አለች። «ግን ገጽ አምስት አልገባኝም... ‹በቅጽበት አበቃ› ይላል። የዋጋ ግሽበት እንዴት በቅጽበት ያበቃል?»

ጩኸቴን ዋጥኩት። ከዚያ ሁሉ ሰው ጽሑፌን ያነበበችው ያበላሸችው ልጅ ብቻ ነች።