ከጉና ሥር ጉሬዛ ስቆጥር

ከደብረ ታቦር የወጣሁት በደርግ ዘመን፣ ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ትንሿ ልጄ የጉሬዛ ምንጣፋችን ላይ ለጥ ብላ ተኝታ ነበር፤ ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። የደን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የተላክሁት ከጉና ሥር ባለው ጥብቅ ደን ውስጥ ስንት ጉሬዛ እንዳለ ቆጥሬ እንድመለስ ነው። አለቃዬ ነገሩን አልሸሸገኝም። ገበሬው ለሚሰባሰብበት አዲስ መንደር ቤት መሥሪያ እንጨት ይፈለጋል፤ ጉሬዛው ከአንድ ከሁለት ካላለፈ ደኑን መጠበቁ ይቀራል፣ ይቆረጣል አለኝ።

መንገድ

በኤንትሬ የጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድሁ። ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀቴን ያየው ሚሊሻ "ጉሬዛ ለመቁጠር" የሚለውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ከእግር እስከ ራስ አየኝ። አልፈረድሁበትም፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። መኪናው ካወረደኝ በኋላ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። ገብሱ ገና አልታጨደም፣ ጉና ጉም ለብሷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንዲት ጠላ ቤት ገብቼ በሃምሳ ሳንቲም ቂጣ በድልህ በላሁ።

ደኑ

የደኑ ዘበኛ አያ ፈንቴ የተጣፈ የወታደር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ደኑን አዙረው አሳዩኝ። ከታች ወይራና ጥድ ነው፤ ከፍ ሲባል ኮሶ፣ ከዚያ በላይ አስታ ብቻ። በመሐል በጋ ከክረምት የማይደርቅ ምንጭ ይወርዳል። ድኩላ አየን፣ ቆቅ ከእግራችን ሥር ብር አለች፣ የጅብ ጉድጓድም አየን። ጉሬዛ ግን ዝር አላለም። ዐሥራ አምስት አለ እያሉ በየጊዜው ሪፖርት የሚልኩት እሳቸው ናቸው። ስጠይቃቸው ጠዋት ሲጮኹ ትቆጥራቸዋለህ አሉኝ።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ያደርሁት ጎጇቸው ውስጥ ነው። ስነቃ መደባቸው ባዶ ነበር። ወዲያው ከኮሶው በኩል የጉሬዛ ጩኸት ተነሣ፤ ወፍራም፣ ጉሮሮ የሚፍቅ ድምፅ። ሌላው ከምንጩ በኩል መለሰለት። ተመስገን ብዬ እርሳሴን ይዤ ወደ ምንጩ ሮጥሁ። እዚያ ያገኘሁት አያ ፈንቴን ነው። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይጮኻሉ። እኔን ሊያታልሉ መስሎኝ ደሜ ፈላ።

"ምን ማድረግዎ ነው፣ አያ?"

"መመለሴ ነዋ" አሉኝ ሳያፍሩ። "ሌሎቹን አዳኝ ፈጃቸው፤ ቆዳቸው ከተማ ይፈለጋል። ይኸ ብቻውን ቀረ። ጮኾ ጮኾ መላሽ ሲያጣ ቅጠል መብላቱን ተወ። ከዚያ ወዲህ እኔ እመልስለታለሁ።"

ቀና ብዬ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ነጩ ጠጉር ከትከሻው ወርዷል። ወደ ምንጩ ዘንበል ብሎ ያዳምጣል።

"አንድ ብለህ ከጻፍህ ደኑን ይቆርጡታል" አሉኝ። "እኔስ ልጆቼ ዘንድ እገባለሁ። እሱ ወዴት ይግባ?"

ቃል አልሰጠኋቸውም። በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም፤ በዚህም ትንሽ እኩራራ ነበር። የቁጥሩን ቦታ ባዶ ትቼ ተሰናበትኋቸው።

ቤት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደብረ ታቦር ገባሁ። ልጄ ያው ምንጣፉ ላይ ትጫወታለች። ለሠርጋችን የተሰጠን ነው፤ ስንት ዓመት ተኝተንበታል፣ አንድ ቀን እንኳ ከየት መጣ ብዬ አላውቅም። ልጄን አንሥቼ ምንጣፉን ገለበጥሁትና ከጀርባው ስፌቱን በጣቴ እየተከተልሁ ቆጠርሁ። ስምንት ቆዳ ነው። ባለቤቴ ምን ሆንህ ብትለኝ እንባዬ ቀደመኝ። ተራራ ለተራራ የተንከራተትሁለት ነገር ቤቴ ተነጥፎ ኖሯል።

ሲበርድልኝ ቅጹን አውጥቼ ባዶውን ቦታ ሞላሁት። የጉሬዛ ብዛት፦ ዘጠኝ። አንዱ ጉና ሥር ነው፤ ስምንቱ እኔ ቤት።