ጀርመን ስንት ናት?

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱ ገበያ ከታክሲ መያዣው አጠገብ፣ አሮጌ መጻሕፍት በላስቲክ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ፊት ቆሜ ሽፋኑ የተገነጠለ አትላስ አነሣሁ። የአውሮፓን ገጽ ስገልጥ ሁለቱ ጀርመኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ምሥራቁ ሮዝ፣ ምዕራቡ አረንጓዴ። እርጥበት የጠጣው ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆንኩ። እንዲህ ያለውን አትላስ በአንዲት ቃል ምክንያት አጥቼው አውቃለሁ።

ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዘመኑ የደርግ ማብቂያ ነው፣ እኛ ልጆቹ ግን ማብቂያ መሆኑን አናውቅም። ቤታችን ከጳውሎስ ከፍ ብሎ የእንጦጦ ብርድ የሚወርድበት ሰፈር ነበር። የማተሚያ ቤት ሠራተኛ የነበረው አባቴ በወጣትነቱ ለሙያ ሥልጠና ተልኮ ምሥራቅ በርሊን አንድ ዓመት ኖሯል። ከዚያ ይዞት የመጣው ትልቁ ሀብት ክፍል ያከራየችው ሴትዮ ታሪክ ነበር። የሴትዮዋ እህት ከተማዋን ለሁለት ከከፈለው ግንብ ማዶ ትኖራለች፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከጳውሎስ እስከ አዲሱ ገበያ ቢሆን ነው፤ ግን ግንቡ ከቆመ ወዲህ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። በልደቷ ቀን ብቻ እህትየዋ ማዶ ካለ ፎቅ ሰገነት ላይ ወጥታ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ታውለበልብላታለች። ይህን ታሪክ ስንቴ አስደግሜዋለሁ!

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ከጀርመን የሚተላለፈውን የአማርኛ ሥርጭት ጆሮውን ከራዲዮኑ ጋር አጣብቆ ይሰማ ነበር። ከጭቃ ግድግዳችን ማዶ የሚኖሩት የቀበሌው ሊቀመንበር ስለሆኑ፣ ድምፁ ከዝንብ ጥዝጥዝታ አይበልጥም። “ሚሚ፣ እዚህ የሰማሽው እዚሁ ይቀራል፤ እሺ?” ይለኛል። እኔም እሺ እላለሁ።

ግንቡ ከፈረሰ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም ሊያልቅ አካባቢ፣ አባቴ አንድ ምሽት ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

“አንድ ሆኑ! አንቺ፣ አንድ ሆኑ!”

እናቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ እንደያዘች ብቅ አለች። “እነማን?”

“ጀርመኖቹ ናቸዋ!”

“ቀስ በል አንተ ሰውዬ! ሊቀመንበሩ እኮ እራታቸውን እየበሉ ነው።”

አባቴ አፉን በሁለት እጁ ከደነ። ከዚያ ብብቴን ይዞ አነሣኝና ድምፅ ሳያሰማ በካልሲው እየረገጠ ጨፈረ። በጆሮዬም፣ “ሴትዮዋ ከእንግዲህ እህቷን በጠረጴዛ ልብስ አትጠብቅም” አለኝ።

በጥቅምት የስድስተኛ “ሀ” እና የስድስተኛ “ለ” የጥያቄና መልስ ውድድር ደረሰ። ሽልማቱ አትላስ ነው! በየማታው አገር ከነዋና ከተማው ሸምድጄ፣ አትላሱን የማስቀምጥበትን መደርደሪያ ሳይቀር አጽድቼ ነበር። የ“ሀ” ተወካይ እኔ፣ የ“ለ” ደግሞ ዮናስ ነው፤ በጉለሌ የእርሱን ምላስ የሚችል ልጅ አልነበረም። ዘጠኝ ለዘጠኝ እኩል ወጣን። አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ሊፈነዳ ደረሰ። ከፊት ወንበር ርዕሰ መምህሩና የክብር እንግዳው ተቀምጠዋል፤ የክብር እንግዳው ደግሞ ጎረቤታችን ሊቀመንበሩ ናቸው።

የጂኦግራፊ መምህራችን ከርዕሰ መምህሩ እጅ የታሸገውን ፖስታ ተቀብለው ከፈቱ። ወረቀቱን ሲያዩ ትንሽ ዘገዩ። “በአሁኑ ጊዜ ጀርመን የሚባሉ ስንት አገሮች አሉ?” አሉ፤ የመመለስ ተራው የኔ ነበር።

መጽሐፋችን ሁለት ይላል። ወረቀቱም ሁለት እንደሚል አውቃለሁ፤ ሁለት ካልኩ አትላሱ የኔ ነው። ዜናው በአገር ውስጥ ራዲዮ ይነገር አይነገር አላውቅም፤ የማውቀው እኔ ከየት እንደሰማሁት ብቻ ነው። አፌን ስከፍት ግን ያቺ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ታየችኝ። ሁለት ብል እህትማማቾቹን ዳግም በግንቡ የምለያያቸው መሰለኝ።

“አንድ” አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። “አንዷን ቁርስ አድርጋት ነው!” ብሎ ዮናስ ጮኸ። “ሁለት! ቲቸር፣ ሁለት!”

ሊቀመንበሩ ግን አልሳቁም። “አንቺ የጎረቤት ልጅ፣ አንድ ናት ያለሽ ማን ነው?”

“ማንም። ተሳስቼ ነው” አልኩ። መምህሬ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ “ደንግጣ ነው፣ ልጅ ናት” አሉና አትላሱን ለዮናስ ሰጡት።

በእረፍት ሰዓት ባሕር ዛፉ ሥር እንባዬን ስጠርግ ዮናስ አትላሱን ታቅፎ መጣ። “ነይ ቁጠሪ እስቲ፣ ፕሮፌሰሯ!” ብሎ የአውሮፓን ገጽ ገለጠ። “አንድ፣ ሁ…” ጣቱ እዚያው ቀረ። በሮዙና በአረንጓዴው መካከል ያለው ድንበር በቀይ ቀለም፣ በጥቃቅን ሰረዞች ከላይ እስከ ታች ተሰርዟል። በሁለቱም ላይ ተዘርግቶ አንድ ቃል ተጽፏል፤ ጀርመን። ጽሕፈቱን ለማወቅ አፍታም አልፈጀብንም፤ በየደብተራችን “ጎበዝ” ብሎ የሚጽፍልን የመምህራችን እጅ ነበር። ለካ እርሳቸውም ቤታቸው ጆሯቸውን አጣብቀው ይሰማሉ!

ዮናስ አትላሱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ግራ ቀኙን አየና፣ “እኔ ምንም አላየሁም” አለ።

“እኔም አላየሁም።”

“እንግዲያው ለአንድ ሳምንት ውሰጂው።”

የዚያን ቀን አባቴ በቀዩ መስመር ላይ ጣቱን ደጋግሞ አመላለሰ። “መምህርሽን አባቴ እግዜር ይስጥልኝ ብሏል በያቸው” አለኝ። ግድግዳውን ገልመጥ አደረገና፣ “አይ፣ ተዪው። ምንም እንዳትያቸው” አለ።

ቅዳሜ ዕለት አትላሱን ገዝቼ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። አሁን ጆሮው ደክሟል፤ ያ ከዝንብ ጥዝጥዝታ የማይበልጥ የነበረው ሥርጭት ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ተቀበለኝ። ሊቀመንበሩ ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የጭቃው ግድግዳም በብሎኬት ተተክቷል። እኔ ግን ደጁን አልፌ ስገባ፣ ሳላስበው ወደዚያው ግድግዳ ዞር አልኩ።

“አባዬ፣ ቀንሰው እንጂ፤ ጎረቤት ይሰማል!”

“ምን አልሽ?”

“ጎረቤት ይሰማል!”

“ይስማ!” አለና ሳቀ። አትላሱን ከእጄ ተቀብሎ የአውሮፓን ገጽ አወጣ፤ ንጹሑን ድንበር መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ተመለከተው። ከዚያ የሸሚዙን ኪስ ዳበስ ዳበስ አደረገ።

“ሚሚ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘሻል?”