ቁጥር ዘጠኝ ቀይ

ታላቅ ወንድሜ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ይህን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ሚስቱና እኔ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ሲጠግን የጋራዡ ሰዎች እንኳ አልነቁበትም። የሞተር ብልሽት በድምፁ ስለሚያውቅ «ጆሮ» ይሉታል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲመጣ ግን «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ለሌላ ይገፋል። ኩሩ ነው። ሰው ከሚስቅበት ቢሞት ይመርጣል።

ጡረታ ሲወጣ ትንንሽ የፕላስቲክ መኪናና የሰው ምስል እየገጣጠመ መቀባት ጀመረ። እኔ ስሰማ ክው አልኩ። «ጋሼ፣ ከጠፋ ጠፍቶ ቀለም?» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀና ብሩሹን አነሳ። እጁ ግን ጉድ ነው! በውሃ የሚቀጥነውን አክሪሊክ የሚባል ቀለም የመረጠው ስለማይሸትና ቶሎ ስለሚደርቅ ነው። ጠርሙሱን በደንብ ሳይንጥ አይከፍትም፤ ከጠርሙሱም በቀጥታ አይቀባም፣ ጠብታ ውሃ ጨምሮ ያቀጥነዋል። አንዴ ከማወፈር ሦስቴ ማሳሳት፣ በየመሃሉ ማድረቅ። ብሩሹ ሳይታጠብ አንድ ደቂቃ ከቆየ ቤቱ ይረበሻል።

ቀለም የሚመርጠው በፕላስቲክ ማንኪያ ነው። እያንዳንዱን ቀለም አንድ ማንኪያ ጀርባ ላይ ይቀባና ማንኪያዎቹን ጎን ለጎን ይደረድራል፤ ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ የትኛው እንደሚጠቁር፣ የትኛው እንደሚፈካ ያያል። በጥላና ብርሃን የሚስተካከለው የለም። ጥፍር የምታክል ተሳፋሪ ኮት ላይ እጥፋቱን ያወጣዋል። የቀለሙን ስም የምታውቅለት ግን ሚስቱ ናት። ገዝታ ትመጣና ክዳኑ ላይ ቁጥር ትጽፋለች፤ ቡኒ አራት፣ ቀይ ዘጠኝ። እሱ ቁጥሩን አይቶ ይቀባል፣ አበቃ። እኔ ባሌን ጨው እንኳ ግዛ ብዬ ልኬው አላውቅም፤ እሱ ግን ዓይኑን አውጥቶ ሰጥቷታል።

የድሮ ጋራዡን በትንሹ አስመስሎ መሥራት ሲያምረው ስምንት ወር ፈጀበት። አርባ ተሳፋሪ፣ አምስት አውቶቡስ። የእነሱ ድርጅት አውቶቡስ ቀይ ነው፤ የተፎካካሪያቸው አረንጓዴ። ተሳፋሪዎቹ አልቀው አውቶቡሶቹ ላይ ሲደርስ ዘጠኝ ቁጥር ከሱቅ ጠፋ። ሚስቱ ሦስት ሳምንት ተመላለሰች። እሱ ደግሞ ሥራ ሲፈታ አይቻልም፤ ይነጫነጫል፣ ወንበር ይገፋል፣ «ዛሬስ መጣ?» ይላል። አንድ ቀን አንገፈገፋት። ሱቁ ውስጥ ቆማ፣ እሱ ራሱ ባስተማራት ዘዴ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ጥቁረቱ ከቀዩ እኩል የሆነ አረንጓዴ መረጠች። ክዳኑ ላይ ዘጠኝ ጻፈችበት።

«ማን ያየዋል? ሳሎን ነው የሚቀመጠው» አለችኝ ማድ ቤት ጎትታ። እኔም ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ! ከዚያ ሳሎን ገብቼ አምስቱን አረንጓዴ አውቶቡስ አየሁና «ጋሼ፣ ቁርጥ እነሱን!» አልኩት። ፊቱ በራ።

በሳምንቱ ከጋራዡ ተደወለ። የድርጅቱ የምሥረታ በዓል ነው፣ የሠራኸውን ሰምተናል፣ ይዘህልን ና አሉት። ልብሱን አስተኮሰ፣ ጢሙን ተላጨ። ስምንት ቀን ነበረን። «አንቺ ንገሪው፣ ባልሽ ነው» እላታለሁ። «አንቺ ንገሪው፣ ወንድምሽ ነው» ትለኛለች። ስምንቱም ቀን እንዲሁ አለቀ።

አዳራሹ ውስጥ ሥራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጨርቁን ገለጠው። ሰው ከበበው። አንድ ሽማግሌ ሹፌር አጎንብሶ አየና አዳራሹ እስኪሰማ ጮኸ፦ «አንተ ከሃዲ! ጡረታ ወጥተህ ለተፎካካሪ መሥራት ጀመርክ?» ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜም አብሮ ሳቀ፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አልገባውም። «ምን ሆነ?» አለ።

«አረንጓዴ ቀብተሃቸዋላ!»

አውቶቡሶቹን አላየም። ዞሮ ያየው ሚስቱን ነው። እሷ ቶሎ ብላ «ሊያስቃችሁ ብሎ እኮ ነው!» አለች። እሺ ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ምስጢሩም ይተርፍለት ነበር። እሱ ግን «አይደለም» አለ። «ቀይ ነው ተብዬ ነው የቀባሁት። ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም። እዚህ ስሠራም አይለይልኝም ነበር።» ሹፌሩ ትከሻውን ሊይዘው ሲል ፈቀቅ አለ።

ሥራውን እዚያው ጥሎት መጣ። ቤት ገብቶ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ቀዩ ጠፋ ብትይኝ ምን ነበረበት?» አላት። «ግራጫ እቀባው ነበር። እተወው ነበር።»

«ደስ እንዲልህ ብዬ ነው» አለች፤ እንባዋ መጣ።

«ሌላስ? ከአርባዎቹ ሰዎች ስንቱ ነው ውሸት?»

«ሙት ስልህ፣ ይሄ ብቻ ነው!»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ?»

«አይቼ ነበር፣ ጋሼ።»

«ቁርጥ እነሱን አልሽኝ» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እዚያው አደርኩ። ጠዋት ሊወጣ ሲል ብርድ ስለነበር ሹራብ አቀበልኩት። «አረንጓዴው ነው፣ ጋሼ» አልኩት፤ ሁልጊዜ እንደምለው። ለበሰውና ወጣ። በሩ ላይ ቆመን እኔና ሚስቱ እናየዋለን። ከውጭ በር አልፎ መንገድ ላይ ቆመ። ዳቦ ይዘው የሚያልፉ፣ አይተናቸው የማናውቃቸው አሮጊት ነበሩ።

«እናቴ፣ ይቅርታ» አላቸው። «ይሄ ሹራብ ቀለሙ ምንድን ነው?»

አሮጊቷ የሚቀልድባቸው መስሏቸው ከላይ እስከ ታች አዩት። «አረንጓዴ ነዋ፣ ልጄ!»

«እርግጠኛ ነዎት?» አላቸው።