ነጭ የሆነው ቀለበቴ

በኔ ቀለበት ምክንያት አንዲት ንጹሕ ልጅ ሌባ ተብላለች። ሌላው በደል ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዲረሳ አልፈልግም፤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

የታሰርኩት ሰበታ ነው። ፖሊሶች የጎረቤቶቼን ልጆች ወስደዋቸው ስለነበር፣ “ወይ ክሰሷቸው ወይ ልቀቋቸው” ልል ሄጄ እኔንም አስቀሩኝ። ክፍሉ ጠባብ፣ ግድግዳው እርጥብ ነበር። መስኮቱ ከፍ ብሎ ስለተሠራ ከሰማይ በቀር የሚያሳየው የለም፤ የጅማ መንገድ መኪኖች ግን ይሰማሉ። ስገባ ቀለበቴን ሊያወልቁ ሞክረው ነበር። ጣቴ አብጦ አልወጣ ሲላቸው ተዉልኝ።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ቀጭን ልጅ አገኘሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ለምን እንዳሰሯት አልነገሯትም። እንደኔ አትጮህም። ከቤት የተላከልኝን ቆሎ ስሰጣት አልበላችውም፤ ሽምብራውን ከገብሱ ለይታ ወለሉ ላይ መደርደር ጀመረች።

“ምን እየሠራሽ ነው?” አልኳት።

“ሥራዬን ነው እማማ። ሽምብራው ሜርኩሪ ነው፤ ገብሱ ሶዲየም።”

አራት ሽምብራ በአራት ማዕዘን አስቀምጣ ገብሱን ዙሪያውን አስያዘችው። ሁለቱ ብረቶች ሲዋሃዱ ዝም ብለው እንደ ሊጥ አይቦኩም አለችኝ፤ እያንዳንዷ ቅንጣት የራሷ ቦታ አላት። ሶዲየሙ ካለው ይሰጣል፤ ሜርኩሪዎቹ በተቀበሉት ኃይል አራት አራት ሆነው ይያያዛሉ።

“የሚሰጠውስ? ለሱ ምን ተረፈው?”

ሳቀች። “እርስዎ ደግሞ እዚህም ፍርድ ይፈልጋሉ! ብቻውን ሲሆን ውሃ ሲነካው የሚነድ ነው፤ እዚህ ውስጥ ግን ይረጋጋል።”

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። በዚያ በሚሸት ክፍል ውስጥ ግን፣ ዓይን በማያየው ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ ሥርዓት መኖሩን ስሰማ ደረቴ ቀለለኝ።

አንድ ቀን አተኮሰኝና ጤና ረዳቱ የመስታወት ቴርሞሜትር ይዞ መጣ። ከእጁ አምልጦ ተሰበረ። ሜርኩሪው እንደ ብር ዶቃ ወለሉ ላይ ሲሽከረከር ልጅቷ “በእጅዎ እንዳይነኩት!” ብላ ጮኸች። እኔ ግን ቤቴ የፈሰሰ እህል እንደማደርገው በመዳፌ ሰብስቤው ነበር። እጄን አስታጠበችኝ፤ የፈሰሰውን በወረቀት ለቅማ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከደነችው። ቀለበቴን ሳየው ነጭ ሆኗል።

“ወርቄ የት ሄደ?”

“የትም አልሄደም። ሜርኩሪው እንደ ቀለም ላዩ ላይ አልተቀባም፤ ወርቁ መሀል ገብቶ ተሰልፏል። ብቻ እሳት እንዳያስነኩት፣ ጭሱ መርዝ ነው።”

በማግስቱ ጠባቂዋ ቀለበቱን አየች። የቡራዩ ልጅ ናት፤ እኔን በኦሮምኛ “አኮ”፣ አያቴ፣ ነበር የምትለኝ።

“አኮ፣ ወርቅዎን ማን ለወጠብዎ?”

“ማንም። ሜርኩሪ ነክቶት ነው።”

“እሷ ናት እንዲህ ያለችዎት? ተኝተው ሳሉ በሳሙና አውልቃ ቆርቆሮ አጥልቃብዎት ነው! የተማረ ሌባ!”

ብለምናትም ልጅቷን ይዛ ወጣች፤ ጨለማው ክፍል አስገባቻት። ሽምብራዎቹ ወለሉ ላይ እንደተደረደሩ ቀሩ። የጽዳት ተረኛዋ ልትጠርጋቸው ስትመጣ ፊታቸው ተቀመጥኩ።

“ይነሱ እንጂ እማማ!”

“ባለቤቷ ሳትመጣ አይነካም” አልኳት።

ጠባቂዋ ምሳ ይዛ ስትመለስ ሜርኩሪው ያለበትን ጠርሙስ አነሳሁት። ጣቷ ላይ አዲስ የወርቅ ቀለበት ነበራት።

“ነይ፣ ያንቺን አውልቂና እዚህ ውስጥ ክተቺው። ቢጫ ሆኖ ከወጣ ልጅቷ ሌባ ናት። ነጭ ከሆነ ግን አሁኑኑ አውጫት።”

እጇን ጨብጣ ኪሷ ከተተችው።

“የሠርጌ ነው እኮ!”

“የኔስ የምን መሰለሽ?”

ምሳውን አስቀምጣ ወጣች፤ ከሰዓት በኋላ ልጅቷን አምጥታ በሩን ቆለፈችብን። ይቅርታ ያላት የለም። ልጅቷ ብርሃኑ ዓይኗን እየወጋት ወለሉን ተመለከተች። አራቱ ሽምብራ ቦታቸው ላይ ነበሩ። አጠገባቸው ተንበርክካ የጎደለውን ገብስ ሞላች።

ሁለታችንም ከተፈታን ቆየን። እሷ ዛሬም ታስተምራለች። ወርቅ ሠሪ የቀለበቱን ቢጫነት ሊመልስልኝ ይችላል ብትለኝም እንዲሁ ነጭ እንደሆነ ትቼዋለሁ፤ እሷ ባትኖር ወርቄ ውስጡ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ጠባቂዋ ሥራውን ትታ ዓለም ገና መንገድ ዳር ልብስ ትሸጣለች። ባለፍኩ ቁጥር ባጃጁን አስቁሜ “ያቺ ልጅ ሌባ ናት?” እላታለሁ። ልብስ ማጠፏን ትቀጥላለች። እኔም እሄዳለሁ፤ ደግሞ እመጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን፣ ገና ከባጃጁ ሳልወርድ፣ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀምጣ ወደኔ መጣች።

“አይደለችም፣ አኮ። ቀለበቴን ኪሴ ስከት አውቄው ነበር።”