ሦስተኛዋ ፍተሻ

ጠዋት ጠዋት ሻይ ከመቅመሱ በፊት የኤሌክትሪክ መፈተሻውን፣ ቴስተሩን፣ ከፍሪጁ አጠገብ ባለው የኩሽና ሶኬት ይሰካል። መብራቷ ቦግ ስትል ወደ ደረት ኪሱ ይመልሰዋል። ሚስቱ ከሃያ ዓመት በኋላም መጠየቋን አልተወችም።

«ዛሬስ አለ?»

«አለ።»

«እሰይ! ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጎራጉር የነበረው በናፍጣ መስሎኝ ነበር።»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሆነበት ፋብሪካ ውስጥ ስሙ ሦስቴ ነው። ሽቦ ከመንካቱ በፊት ሦስት ጊዜ ይፈትሻል፦ መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚያውቀው ሶኬት ላይ፣ ቀጥሎ ሊሠራበት ባለው ሽቦ ላይ፣ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ሶኬት ላይ። ሦስተኛዋ የምትፈትሸው ሽቦውን ሳይሆን ቴስተሩን ነው። ይህን የሚረዳለት አልተገኘም። በተለይ የፈረቃው ኃላፊ፣ የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ነገሩን የሚቆጥሩት እንደ በሽታ ነው።

አንድ ቀን የማሽኖቹን ውሃ ከሚያበርዱት ማቀዝቀዣ ማማዎች የሁለተኛው የማራገቢያ ሞተር ተቃጠለና አዲስ ተተካ። በማግስቱ የቀረው ገመዱን ማገናኘት ብቻ ነበር። አንደኛው ማማ ከፈረሰ ቆይቷል፤ መጠባበቂያው ሦስተኛ ማማም ጠዋት ኃላፊው ሊያስነሡት ቢሞክሩ እምቢ አለ። ውሃው የሚበርድበት ስላጣ ማሽኖቹ ቆመዋል፤ ኃላፊው ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ «በአራት ሰዓት ሁሉም ይነሣል» ብለው ቃል ገብተዋል።

ሦስቴ የማማዎቹ ማብሪያዎች በተደረደሩበት ፓነል ላይ «ሁለት» የሚለው ማብሪያ ጠፍቶ አገኘው። እንዲያም ሆኖ በራሱ ጓጉንቸር ቆለፈው፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መሰላሉን ወጣ። ላይ፣ ከሞተሩ ጎን፣ የሥራ መብራት የሚሰካበት ሶኬት አለ። ቴስተሩን አስገባ። በራ።

«አንተ ሰው!» ብለው ኃላፊው ከታች ጮኹ። «ገና እየጸለይክ ነው?»

ሦስቴ ክው አለ። ቴስተሩ ከእጁ አምልጦ የብረት ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። አንሥቶ በሸሚዙ ጠረገው፤ የገመዱን ጫፎች አንድ በአንድ ነካ። አልበራም።

«የለም!» አለ።

«ከሌለ ሥራ እንጂ!»

«አንዷ ትቀረኛለች፣ ጋሼ።»

«ሁለቱ አይበቃህም? እህቴን እንኳ ስትጠይቀን አንዴ ነው የጠየቅከው!»

«ያኔ ቴስተር አልነበረኝም።»

ወደ ሶኬቱ ተመለሰ። ቴስተሩ አልበራም። ነቀነቀው፤ ሲወድቅ ተበላሽቷል። ከቦርሳው መለዋወጫውን አወጣ፤ ሶኬቱ ላይ በራ። ገመዱን ነካበት።

በራ።

ብረቱ ላይ ቁጭ አለ። ላብ እስኪደርቅለት ድረስ ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

«ጋሼ፣ ባለፈው ወር ፓነሉን ቀለም ያስቀቡት እርስዎ ነዎት?»

«ምነው? አላማረም?»

«አምሯል። ቁጥሮቹን መልሶ የለጠፋቸውስ ማነው?»



«እኔው ነኝ» አሉ ኃላፊው።

«ሁለትና ሦስትን አቀያይረዋቸዋል። ጠዋት ሦስትን አስነሣለሁ ብለው ያበሩት ይሄን ነው፤ እኔ አሁን ልጨብጠው የነበረውን።»

 ሦስቴ ሲወርድ ኃላፊው ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ቁጥሮቹን በጥፍራቸው ሲልጡ አገኛቸው። ጓጉንቸሩን ከዚያኛው ፈትቶ ትክክለኛውን ማብሪያ አጥፍቶ ቆለፈበት። ሦስተኛው ማማ በራሱ ማብሪያ ሲበራ ያለ አንዳች እምቢታ ተነሣ፤ ግማሹ ማሽን መዞር ጀመረ።

ሦስቴ እንደገና ወጣ፣ ሦስቴ ፈተሸ፣ አስቀድሞ ወደ መሬት የሚወርደውን የመከላከያ ሽቦ፣ ከዚያ ሦስቱን የኃይል ሽቦዎች አሠረ፤ ውሃ እንዳይገባም ክዳኑን አጠበቀ። ሲሞከር ማራገቢያው ወደ ኋላ ዞረና አየሩን ወደ ላይ በመሳብ ፈንታ ወደ ታች ነፋው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ማቀያየር። ግን ለዚያም ማጥፋት፣ መቆለፍ፣ መውጣትና መፈተሽ አለ።

አሁን ኃላፊው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

«አንድ!» አሉ ሶኬቱ ላይ ሲበራ። «ሁለት! … ሦስተኛዋስ? አንተ፣ ሦስተኛዋን ሳታሳየኝ እንዳትነካ!»

ለአራት ሰዓት ቃል የተገባለት ሁለተኛው ማማ የተነሣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።