የጣቴ ልክ

የሐይቁን ዓሣ ማን ጨረሰው ሲባል አገሬው የየራሱ መልስ አለው። አንዱ ዓሣውን የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ውስጥ የሚበትኑትን ያማል። ሌላው በደርግ ጊዜ የተቋቋመውን ማኅበር ይረግማል። ቄሱ ደግሞ በሰንበት መረብ መጣል ያመጣው ቁጣ ነው ይላሉ። እኔ ዝም እላለሁ። ዝም የምለው የማውቀው ነገር ስለሌለ አይደለም።

ሐይቁ ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ትልቅ አይደለም፤ ማዶ ያለ ሰው ጮክ ብሎ ከተጣራ ይሰማል። መሬት ሲከፋፈል ለአባቴ የደረሰው ዳርቻው ላይ ያለ፣ ክረምት ከበጋ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ነበር፤ ደንገል እንጂ ጤፍ አያበቅልም። "ዓሣ አጥማጅ አይደለህ? ለሥራህ እንዲቀርብህ ብለን ነው" ብለው አላገጡበት። እሱ ግን አልከፋውም። ከደንገሉ ታንኳ ይሠራል፣ በታንኳው ያጠምዳል፣ ያጠመደውን አድርቀን ቡሬ ገበያ እናወጣዋለን። በሬ የለውም፣ ማሳ የለውም። ሐይቁ ከነጠፈ የእኛም ነገር አበቃ ማለት ነው፤ ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቀው ነበር።

እኔ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ድረውኝ፣ ፈትቼ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። እናቴ ሞታለች። ጎረቤት "ምላሷ ነው ትዳሯን ያፈረሰው" ይለኝ ነበር፤ አልተሳሳተም። ቤቱ ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን፤ ከሁለታችን ብዙ የምናገረው እኔ ነኝ።

አባቴ በሥራው ላይ የማይሽረው ሕግ ነበረው። የመረቡ ዓይን አራት ጣት ይሆናል፤ ከዚያ አይጠብም። መረብ የሚሠራው ክሩን በግራ እጅ ጣቶች ላይ እየጠመጠሙ፣ በቀርከሃ መርፌ እየቋጠሩ ስለሆነ ማስመሪያ አያስፈልግም። ደግሞ ቆሮሶ የምትባለዋን ዓሣ አፏን ከፍቶ ሳያይ ታንኳ ላይ አይጥላትም። ቆሮሶ እንቁላሏን በትና የምትሄድ ፍጥረት አይደለችም። አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉም እህል ውሃ አትል። አባቴ አፏ ሞልቶ ካገኛት "አራስ ናት" ይልና መልሶ ውሃ ይሰዳታል። አንዳንድ ቀን ከያዘው የመለሰው ይበልጥ ነበር። እኔም እናደድበት ነበር፤ ራታችንን የሚጥል ይመስለኝ ነበር።

የዓሣ አምራቾች ማኅበር ሲቋቋም አባቴም ገባ፤ አልገባም የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። ከዚያ በፊት ውሃው ላይ የሚወርዱት አራት ሰዎች ነበሩ። አሁን እርሻ የሰለቸውም ዋና የማይችለውም አባል ሆነ። በቃጫ ፈንታ ነጭ የናይለን ክር በጥቅል በጥቅል መጣ። ሊቀመንበሩ ሰበሰበንና አባቴን መረቡ በምን ያህል ልክ እንዲሠራ ጠየቀው። አባቴ ብድግ ብሎ "አራት ጣት" አለና ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ጻፈው። ወንዶቹ ውሃ ላይ ስለሚውሉ መረብ መሥራቱ ለሴቶች ተሰጠ፤ እኔም የአጥማጅ ልጅ ነኝና አለቃ ሆንሁ።

እጄ ፈጣን ነው። አባቴ በሁለት ሳምንት የሚሠራውን እኔ በአራት ቀን እጨርሳለሁ። አሥራ አንድ ሴቶች አስተማርሁ፤ ገሚሶቹ ገና ጡት ያላወጡ ልጃገረዶች ናቸው። ክሩን በአራት ጣት ጠምጥሙ እያልሁ በየመካከላቸው እዞራለሁ፤ ጣቷን የምታጭበረብር ካለች እጇን በመርፌው ቸብ አደርጋታለሁ። በበዓል ቀን ስብሰባ ላይ ስሜ ተጠርቶ ተጨበጨበልኝ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ልቤ እንዴት እንዳበጠ አልደብቅም።

በመጀመሪያው ዓመት ዓሣው ጉድ ነበር። ማድረቂያው አልበቃ ብሎ በቤት ክዳን ላይ ሳይቀር አሰጣነው። በሁለተኛው ዓመት ክንድ የሚያህለው ጠፍቶ ስንዝር የሚያህለው ቀረ። በሦስተኛው እርሱም አነሰ። አባቴ "ክረምቱ ነው፣ ደለል ገብቶበት ነው" ይላል። እኔም አምነዋለሁ፤ ከእርሱ በላይ ውሃውን የሚያውቅ ማን አለ?

የዓሣውን ሆድ የምቀደው እኔ ነኝና ያየሁትን ግን ደለል ነው ማለት አልቻልሁም። ጭንቅላቷ ትልቅ፣ ገላዋ ቀጭን የሆነች መዳፍ የማትሞላ ዓሣ ስከፍት እንቁላል ተሸክማለች። ድሮ በዚያ ልክ ያለች ዓሣ ገና ሕፃን ነበረች። ሌላ ከፈትሁ፤ እሷም አርግዛለች። እንቁላሉም ጥቂት ነው፣ ፈዛዛ።  እኔን የዳሩኝ ጊዜ ትዝ አለኝ፤ አርግዤ፣ አስወርዶኝ፣ ምን እንደደረሰብኝ እንኳ በቅጡ ሳላውቅ ሴቶቹ ያለቀሱልኝ ቀን። ቢላዋውን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ለአባቴ ግን አልነገርሁትም፤ ምን ብዬ?

በዚያው ሰሞን ከፍኖተ ሰላም አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ መጣ። ማስመሪያና ሚዛን ይዟል። ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲለካና ሆድ ሲከፍት ዋለ። ማታ ከመሄዱ በፊት ዳርቻው ላይ ሰበሰበን። ትልልቆቹ ስለተለቀሙ ትንንሾቹ ሳያድጉ መውለድ እንደጀመሩ፣ ከእነርሱም የሚወለደው ደካማ እንደሆነ ነገረን። ቀጥሎ መረቡን አሳዩኝ አለ።

"የመረቡ ልክ የድሮው ነው፤ አራት ጣት" አለ ሊቀመንበሩ።

ባለሙያው ከተሰጣው መረብ አንዱን ዓይን ይዞ ጣቶቹን አስገባ። ሦስት ገቡና አራተኛው እምቢ አለ። የሱ እንኳ ሥራ ያላወፈረው የከተማ ልጅ ጣት ነው። ያኔ አባቴ ከኋላ መጣና የራሱን ሞከረ። ሁለቱ ገቡ። መቅዘፊያ ያወፈረው ሦስተኛው ጣቱ መገጣጠሚያው ላይ ተቀረቀረ። ጣቱን እንዳስገባ ቆሞ ቀረ።

 አባቴ ጣቱን አውጥቶ ወደ እኔ መጣ፤ ግራ እጄን አንስቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። የኔ አራት ጣት የሱን ሦስት ጣት እንኳ አይሞላም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ በአንድ ሞሰብ ስንበላ ያን አላየንም፤ እሱም አራት ጣት መባሉን አምኖ መረቡን ለክቶት አያውቅም።

"አባየ፣ አንቱ ያሉኝን ነው የሠራሁ" አልሁ።

"የኔ ጥፋት ነው" አለ። "አራት ጣት አልሁ እንጅ የማን ጣት እንደሁ አልተናገርሁም።"

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የሁሉም ዓይን ከመረቡ ወደ እኔ እጅ፣ ከእጄ ወደ መረቡ ሲመላለስ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁት። ከተጨበጨበልኝ ቀን ይልቅ ያን ቀን ብዙ ሰው ያየኝ ይመስለኛል።

ባለሙያው መረቦቹ ይቃጠሉ፣ ሦስት ክረምት ማንም ውሃው ላይ አይውረድ አለ።

"ለመንግሥት የምናስረክበውን ኮታስ ማን ይሙላው?" አለ ሊቀመንበሩ። ሰውየው ሁሉንም ጻፈ፣ እመለሳለሁ አለ። ቆይቶ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ ሲባል ሰማን። መረቦቹም አልተቃጠሉም፤ ያን ያህል ናይለን የሚያቃጥል ልብ የነበረው ሰው የለም፣ እኔንም ጨምሮ።

አባቴ ግን አንድ መረብ ብቻ በራሱ ልክ እንድሠራለት ለመነኝ። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ይቀመጥና እጁን ይዘረጋልኛል። ክሩን በሱ ጣቶች ላይ እየጠመጠምሁ እቋጥራለሁ። እጁ ሲደነዝዝ እናርፋለን።  አሥራ ስምንት ቀን ፈጀ፤ ከአባቴ ጋር እንዲያ ተቀራርቤ የተቀመጥሁበት ጊዜ ከዚያ በፊት አልነበረም።

መረቡን ጣለው። ባዶውን ወጣ። በማግሥቱም፣ በሳልስቱም ባዶ። ሐይቁ ውስጥ በዚያ ዓይን የሚያዝ ዓሣ አልቀረም፤ ያለው ሁሉ ሾልኮ ያልፋል። ሌሎቹ በኔ ጣት ልክ በተሠራው መረብ እፍኝ እፍኝ ይዘው ሲወጡ አባቴ ውሃ የሚንጠባጠብ መረብ ተሸክሞ ይመለሳል። ሰዎቹም ሳቁበት፤ ቀጥሎም መሳቁ ቀረና ያዝኑለት ጀመር፤ እሱ ከሳቁ ይብሳል። አራት ወር እንዲህ ሄድን። ጎመን እየቀቀልን፣ የሰው እጅ እያየን ከረምን። አባቴ ሱሪውን በደንገል ገመድ ያጠብቀዋል፤ በየሳምንቱ ቋጠሮው ወደ ውስጥ ይገባል። እኔም ጠባቡን መረብ ያዝ አላልሁትም። እንደዚያ እምቢ ሲል ደስ ይለኝ ነበር፤ ስለ እኔ ጥፋት የሚጾምልኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ያን መረብ ጥቅልል አድርጎ ጥግ ላይ አኖረውና የቀረውን ናይለን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

"በይ እንግዴህ ሌላ ሥሪልኝ" አለ። አላየኝም።

እጁን እንዲዘረጋልኝ ጠበቅሁ። አልዘረጋም።

"በማን ልክ ነው፣ አባየ?"

"ባንች።" መቅዘፊያውን አነሣ። "በአራት አይዶል። በሁለት አርጊው።"

ምላሴን የሚፈራው አገር ሁሉ ያን ቀን ቢያየኝ ይገርመው ነበር።  እምቢ ብል በረሀብ የሚሞተው ሐይቁ ሳይሆን እሱ ነው። ክሩን በሁለት ጣቴ ላይ ጠመጠምሁ።

በሦስተኛው ቀን መረቡ ደረሰ፤ በዚያው ቀን ጣለው። ሞልቶ ወጣ። በየዓይኑ ላይ ከጣት የማይበልጡ ዓሦች ተሰክተው ያብረቀርቃሉ፤ ሲያራግፈው እንደ ጥሬ ታንኳው ውስጥ ፈሰሱ። አባቴ ዳርቻው ድረስ ሳይደርስ "ነይ፣ እንቅብ አምጭ" እያለ ይጣራል። ሳቅ በሳቅ ሆኗል። ከባለሙያው መምጣት ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ውሃው ውስጥ ገብቼ ተቀበልሁት፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።