ቲማቲሙ እስኪደርስ

ከደሴ ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። ሰው ጠዋት በሚኒባስ ቁልቁል ወርዶ ጉዳዩን ጨርሶ ለምሳ ይመለሳል። እኔ ግን ያችን መንገድ ዕቃዬን ይዤ ለመውረድ ሁለት ክረምት ጠብቄያለሁ። የያዘኝ ደግሞ ቲማቲም ነው። የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄያለሁ።

ስንጋባ ባሌ ሥራው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስለነበር እዚያ ቤት ተከራየ፤ እኔ ደሴ እናቱ ጋ ቀረሁ። «ለጥቂት ጊዜ» ነበር የተባለው። አማቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጓሯቸው ግን ነፍሳቸው ነው። በእነሱ ቤት ደግሞ እናት ወድዳ ካልሸኘች ጎጆ አይወጣም። ባሌ ሌላውን ሁሉ ይደፍራል፣ የእናቱን ቅያሜ ግን አይችልም። የጠየቅናቸው ቀን አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላጣም። የቲማቲሙን መደብ በምርኩዛቸው እያሳዩኝ፣

«ይቺ ትድረስና ትሄጃለሽ፣ ኢንሻአላህ። ጀምረሽ ጥለሻት ብትሄጂ ማን ያነሳልኛል?» አሉ።

«እሺ እማ፣ እርስዎ እንዳሉ» አልኩ። ቲማቲም ቢቆይ ምን ያህል ይቆያል ብዬ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የላይኞቹ ቅጠሎች ወደ ላይ ይታጠፉ ጀመር። እንደ ማንኪያ ጎደጎዱ፤ ዳር ዳራቸው ቢጫ ሆነ። ተክሉ ማደጉን አቆመ፤ አበባው ፍሬ ሳይዝ ረገፈ። አማቴ «ዓይን ነው» አሉ። ጎረቤታችን በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ ስታደንቅ «ማሻአላህ» አላለችም ተባለ። ዓይን እንዲመልስ ስባሪ እንስራ እንጨት ላይ ሰቀልን። እንስራው እንደተሰቀለ፣ ቅጠሉም እንደተጠመዘዘ ቀረ።

ከዚያ እኔ ተነሳሁ። አመድ ነሰነስኩ። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ዘፍዝፌ ረጨሁ። ቅጠሉን እየገለበጥኩ በሳሙና ውሃ አጠብኩ። አጠገቡ የነበረው ቃሪያም ተጨማዶ ነበር፤ እሱስ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ኖሮበት፣ ሲታጠብ አዲሱ ቅጠል ተዘረጋ። ቲማቲሙ ግን ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አንድ ቅርንጫፍ በፌስታል ይዤ የአትክልት መድኃኒት ሻጩ ጋ ሄድኩ።

«ይሄ ቫይረስ ነው፤ ነጭ ዝንብ ነው የሚያዛምተው። አንዴ ከያዘው አይድንም። ሌላውን ሳይነካ ንቀይና ቅበሪው» አለኝ።

ንቀይ ማለት ለእሱ ቀላል ነው። ለእኔ እያንዳንዱ ሥር ሲነቀል መሄጃዬ አብሮ ይነቀላል። ነቀልኩ፤ እየነቀልኩም አለቀስኩ።

ባሌ አዘነልኝ። በሚቀጥለው ጁምዓ ከኮምቦልቻ አንድ ሳጥን ችግኝ ይዞ መጣ። «የሙቅ አገር ችግኝ ፈጣን ነው፤ ቶሎ ይደርስልሻል» አለኝ። ተከልነው፤ ተጨማደደ። ሌላ አመጣ፤ እሱም ተጨማደደ። እኔም በየጊዜው አመሰግነዋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ሳጥኑን ስቀበለው ችግኙ የበሩን መቃን ነካና ከቅጠሎቹ ሥር ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ቡን ብሎ ተነሳ፤ ተመልሶም ቅጠሉ ላይ አረፈ።

«ምን አየሽ?» አለ።

ቅጠሉን ገልብጬ አሳየሁት። በዝንብ ነጥቷል።

«ያ ረቢ! እኔው ነኛ ዝንቡን እያሳፈርኩ የማመጣው!» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እኔን ለማስፈታት ብሎ በሚያመጣው ችግኝ አስሮኝ ኖሯል። ሳጥኑን ወርውሬ ብቻዬን ሚኒባስ ውስጥ ብገባ ደስ ባለኝ፤ ግን ምን ብዬ? ቲማቲም ታመመብኝ ብዬ?

ሳጥኑን በላስቲክ ጠቅልለን ቀበርን። አማቴ ካስቀመጡት ዘር በራሴ እጅ ችግኝ አፈላሁ። መጀመሪያ አጎበር አለበስኩት፤ ቀዳዳው ለዚያ ዝንብ ሰፊ በር ነው። ስለዚህ የራሴን ሻሾች ጎን ለጎን ሰፍቼ ቆልመም ባሉ እንጨቶች ላይ ዘረጋሁ፤ ዳርቻውን አፈር አለበስኩት። ውሃ ሳጠጣ ብቻ ገለጥ አድርጌ ቶሎ እከድናለሁ። ዝንቡ የሚሸሸግበትን አረም ከአጥሩ ሥር ሳይቀር አጸዳሁ። አበባ ሲያወጣ ሻሹን አንስቼ በየማለዳው የቅጠሉን ሆድ አያለሁ። የታጠፈ ያየሁባቸውን አንድ ሁለቱን ሳላመነታ ነቀልኩ።

ደረሰ። ቅጠሉ ተዘርግቶ፣ ፍሬው ቀልቶ፣ ግንዱ እስኪጎብጥ ድረስ። አማቴ ለመንደሩ አደሉ፤ ዓይኗ ለተጠረጠረችውም ሳይቀር። እኔ አሁን ቃልዎን ይፈጽሙልኝ የምልበትን አነጋገር እመርጥ ነበር።

በጁምዓው ባሌ ፊቱ በርቶ መጣ። አማቴ ጎረቤቶቹን ጠርተው ዱዓ አስደረጉ። መሸኛዬ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አማቴ። «ይሄን ጓሮ ከእሷ በቀር ማን ያውቅበታል? እንዲህ ያለ እጅ ከዚህ ቤት አይወጣም። ልጄም ተስማምቷል።»

ባሌ ስጦታ እንዳመጣ ሰው ወደ እኔ ዞረ። «የኮምቦልቻውን ቤት ለቀቅኩት። ጠዋት እየወረድኩ ማታ እመለሳለሁ። ከእንግዲህ አንለያይም» አለኝ።

ማን ላይ ልጩህ? ባሌ መጥቶልኛል። አማቴ ይወዱኛል፤ ከልባቸው ነው። ቲማቲሙ ሲታመም ትቼው መሄድ አልቻልኩም፤ ሲድን ደግሞ ያዳንኩት እኔ ነኝ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ሴቶቹ የደስታ መሰላቸው።

አማቴ ጥፍሩ ሥር አፈር ያለበትን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እጅሽ ይባረክ። በዚሁ ቤት ውለጂ፣ በዚሁ ቤት አርጂ፣ ከዚሁ ቤት አላህ አይንቀልሽ» አሉኝ።

«አሚን!» አለ ቤቱ በሙሉ። ከዚያ ሁሉም የእኔን ይጠብቁ ጀመር። ለምርቃት እምቢ አይባልም።

«አሚን» አልኩ።